የባሕር ወፎች ዓመት፦ ከሪያድ ሆነን ሁለቱን ባሕሮች ስንመለከት
በሪያድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ባሕር ወፍ ለመናገር ሪያድን መምረጥ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በአሸዋና በድንጋይ ተከብባ የምትኖር ናት። ወደ ምሥራቅ ደማም ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ምዕራብ ጂዳ ለመድረስ ደግሞ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አለባችሁ። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ፊታችንን የታጠብንበት ውኃ አብዛኛው የባሕር ውኃ ነበር። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በጁበይልና በራስ አል ኸይር፣ ጨዉን ከባሕር ውኃ የሚለዩ ታላላቅ ፋብሪካዎች አሉ። የራስ አል ኸይሩ ብቻ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የማጣራት አቅም አለው። የተጣራው ውኃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ እየተገፋ ዳገቱን ወጥቶ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እንጠጣዋለን፤ ልብስ እናጥብበታለን፤ የአሠሪዎቻችንን ግቢ እናጠጣበታለን። ከዚያ ወደ መንፉሓና ወደ ሌሎቹ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ይሄዳል። እዚያ ተጣርቶ ወደ ዋዲ ሐኒፋ ይለቀቅና በስተ ደቡብ ወደ አል ሐኢር ይወርዳል። ደረቅ በነበረው ሸለቆ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ወራጅ፣ ኩሬና ሸምበቆ የተፈጠረው በዚህ ውኃ ነው። በብርዱ ወራት ወደዚያ ብትወርዱ ከውኃው በላይ የሚያንዣብቡ የባሕር ወፎች ታያላችሁ። ሰው ባሕሩን በቧንቧ ወደ በረሃ አመጣው፤ ወፎቹም ውኃውን አገኙት።

የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው። እኛ ባሕር ዳርን የምናውቀው በቦታው ነው፤ ካርታ ዘርግተን ይህ ጁበይል ነው፣ ያ ጂዛን ነው እንላለን። ወፎቹ ግን ባሕር ዳርን በወሩ ጭምር ያውቁታል። አገር ቤት የቅዳሜ ገበያ የሚቆምበትን ሜዳ አስቡ። ማክሰኞ የሚያልፍ መንገደኛ ሜዳውን ባዶ አግኝቶ እዚህ ምንም የለም ቢል ዓይኑ አልዋሸውም፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። በሰኔ በወፍ ጩኸት የምትናወጥ ደሴት በጥር ጭር ትላለች። በጥር ጠልቀው በሚያድኑ ወፎች የተሞላ ዳርቻ በሐምሌ ባዶውን ይውላል። ባሕሩ ሲበከል ማን እንደሚሞት፣ ደሴቱ ላይ ሰው ሲወርድ ማን እንደሚጎዳ የሚወስነው ወሩ ነው። ባሕርን እንጠብቅ የሚል ሁሉ ካርታ ብቻ ይዞ ከተነሣ ግማሹን ነገር ቤት ትቶ ወጥቷል። ወራቱን በእኛው ስም እጠራቸዋለሁ፤ ለሁላችንም ይቀለናልና።

ከምሥራቁ ባሕር ልጀምር። እዚህ አገር የዓረብ ባሕረ ሰላጤ ተብሎ የሚጠራው ውኃ አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀይ ባሕር መካከሉ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። ጥልቀት የሌለው ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም ይበርዳል። በሐምሌና በነሐሴ የላይኛው ውኃ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በጥር ግን በዳርቻው አካባቢ ወደ 15 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ዓሣውም ሆነ ዓሣው የሚበላው ፕላንክተን ከዚህ መለዋወጥ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ወፉ ደግሞ ዓሣውን ይከተላል።

ከጁበይል ፊት ለፊት፣ ከጠረፉ ርቀው፣ ትንንሽ የኮራል ደሴቶች አሉ፤ ካራን፣ ጃና፣ ጁረይድና ኩረይን ይባላሉ። ከእነዚህ ተለቅ የምትለው ካራን ናት፤ እርሷም ብትሆን ርዝመቷ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምንጭ የላትም፤ ከአሸዋና ከጥቂት ጨው ወዳድ ቁጥቋጦ በቀር ለዓይን የሚሞላ ነገር አይታይባትም። ከሚያዝያ ጀምሮ ግን ተርን የሚባሉት ወፎች ይመጣሉ። ተርን ቀጭን ክንፍ፣ ሹል ምንቃርና ለሁለት የተከፈለ ጅራት ያለው፣ ከአየር ላይ ወደ ውኃው ተወርውሮ ትንንሽ ዓሣ የሚለቅም ወፍ ነው። በእነዚህ ደሴቶች አራት ዓይነት ተርኖች ይራባሉ፤ ጀርባው የጠቆረው፣ ጉንጩ ነጭ የሆነው፣ እንዲሁም ጉትዬ ያላቸው ሁለቱ፣ ትልቁና ትንሹ። አራቱም በአንድ አሸዋ ላይ ይሠፍራሉ፤ አሠፋፈራቸው ግን ይለያያል። ጀርባ ጥቁሩ ቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጎ አንዲት እንቁላል ይጥላል። ጉንጨ ነጩ ገላጣው ላይ ራቅ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ጉትያሞቹ ደግሞ ባዶ አሸዋ መርጠው፣ አንዱ የሌላውን ምንቃር ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ተጠጋግተው በሺዎች ሆነው ይተኛሉ።

በዓመቱ ሁሉ እጅግ የከፋውን ሙቀት ለመራቢያ የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው። በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ በሙቁ ውኃ ላይ ጫጩት ሊውጣቸው የሚችሉ ትንንሽ ዓሦች በብዛት ይንጋጋሉ። ጫጩቱ በፍጥነት ማደግ አለበት፤ ለማደግ ደግሞ ወላጆቹ ቀኑን ሙሉ መመላለስ አለባቸው። ደሴቶቹን የሚወዱትም ቀበሮና ድመት ስለማይደርስባቸው ነው። የሚከፍሉት ዋጋ ግን ከባድ ነው። የቀትሩ አሸዋ እግር ያቃጥላል። ስለዚህ እናት ወይም አባት እንቁላሉን ለማሞቅ ሳይሆን ለማቀዝቀዝ ከላዩ ላይ ይቆማል፤ ጥላ ይሆነዋል። አንዳንዶቹ ወደ ባሕሩ በርረው የሆዳቸውን ላባ ነክረው ይመለሱና እንቁላሉን ያረጥቡታል።

አሁን አንድ ጀልባ ቀትር ላይ ደሴቱን ነካ እንበል። የወረዱት ሰዎች ክፉ ሐሳብ የላቸውም፤ ፎቶ ሊነሡ፣ ዓሣ ሊጠብሱ ነው የመጡት። ወፎቹ በድንጋጤ ብድግ ይላሉ፤ እንቁላሉና ገና ላባ ያላወጣው ጫጩት ለፀሐይ ይጋለጣል። ሰዎቹ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ አንድም እንቁላል ሳይረግጡ ብዙ ነፍስ አጥፍተው ሊሄዱ ይችላሉ። እነዚሁ ሰዎች በጥር ቢመጡ ኖሮ ይህን ጉዳት አያደርሱም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይህ ጥፋት ገንዘብም ትልቅ ሕግም ሳይጠይቅ፣ ወሩን በማወቅ ብቻ የሚቀር ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ጫጩቶቹ መብረር ይችላሉ። በመስከረም ጀርባ ጥቁሮቹ ተርኖች ሰላጤውን ለቀው ወደ ዓረብ ባሕርና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣሉ፤ እስከ ሚያዝያም አይመለሱም።

እነርሱ ሲወጡ ሌላ ባለቤት ይገባል። የሶቆትራ ኮርሞራንት ይባላል። ጥቁር፣ አንገተ ረጅም፣ ከውኃ በታች ጠልቆ የሚያድን ወፍ ነው። የሚራባው በዚህ ሰላጤና በዓረብ ምድር ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ብቻ ስለሆነ እነዚህ ውኆች ካላኖሩት የሚያኖረው ሌላ ቦታ የለም። ለመጥፋት ከተጋለጡ ወፎች መካከልም ተመዝግቧል። ይህ ወፍ ዓመቱን ከተርኖቹ ገልብጦ ነው የያዘው። በባሕሬን ሐዋር ደሴቶችና በሌሎችም የሰላጤው ደሴቶች ላይ ጎጆውን የሚሠራው ከመስከረም ወዲህ ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ጎጆው ጥላ በሌለው ገላጣ መሬት ላይ ነው፤ በአሥር ሺዎች እየሆኑ ይሠፍራሉ። ለአደን ሲወጡም በጅምላ ነው። ሳርዲንና አንቾቪ የመሳሰሉትን መንጋ ዓሦች ከብበው፣ ከኋላ ያሉት በፊተኞቹ ላይ እየዘለሉ፣ ውኃውን አጥቁረው ይገሠግሣሉ። ዓሣ አጥማጆች ይህን ሲያዩ ዓሣው የት እንዳለ ያውቃሉ።

በጥቅምት ደግሞ ከሰሜን እንግዶች ይገባሉ። ከመካከለኛው እስያ ሐይቆች ግሪብ የሚባሉት ጠላቂ ወፎችና ትልቁ ኮርሞራንት፣ ከሩስያና ከሳይቤሪያ ሲጋሎች ይመጣሉ። ዓረቦች ሲጋልን ነውረስ ይሉታል፤ እዚህ አድጋችሁ ዓረብኛ የለመዳችሁ ልጆች ስሙን ታውቁታላችሁ። ውኃው ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ላይ፣ በተለይ ቀጢፍ አጠገብ ባለው የታሩት ሰላጤ፣ እግረ ረጃጅም ወፎች ትልና ትንንሽ ዛጎል ሲለቅሙ ይከርማሉ። የታሩት ሰላጤ በዓመታት ውስጥ አፈር እየተደፋበት ማንግሮቩም እየተቆረጠ ብዙ ተጎድቷል። የቀረው ጭቃ ለሰው ዓይን ቆሻሻ ሊመስል ይችላል። ለእነዚህ ወፎች ግን የስድስት ወር ቀለብ ነው።

ከነዚህ ሲጋሎች ስለ አንዱ ትንሽ ላቆያችሁ። በሩስያ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ ምድር ተራብቶ፣ በብርዱ ወራት ወደ ሰላጤው፣ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርድ ጀርባው ግራጫ የሆነ ትልቅ ሲጋል አለ፤ የሆይግሊን ሲጋል ይሉታል። ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ጀርመናዊ ተጓዥና የወፍ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞሮ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ከዐፄ ቴዎድሮስም ጋር ተገናኝቷል። በኋላ ደግሞ ወደ ሰሜኑ በረዶ ባሕር ተጉዟል። የአንድ ሰው እግር የረገጣቸውን እነዚህን ሁለት ምድሮች ወፉ በየዓመቱ በክንፉ ያገናኛቸዋል። የዚህ ሲጋል ዘመዶች በኅዳርና በታኅሣሥ በዝዋይ፣ በላንጋኖና በሐዋሳ ሐይቆች ላይ ይታያሉ። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ያደጋችሁ ሰዎች የዓሣ ጀልባ ሲከተሉ ካያችኋቸው ነጭና ግራጫ ወፎች አንዳንዶቹ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ከሚከርሙት ጋር አንድ ዘር ናቸው።

ወሩ ምን ያህል እንደሚወስን በግልጽ ያሳየውን ክስተት አሁን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በእኛ ጥር 1983 ዓ.ም.፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በሚሊዮኖች በርሚል የሚቆጠር ድፍድፍ ነዳጅ ከኩዌት ጠረፍ ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ነፋሱና የውኃው ፍሰት ወደ ደቡብ ገፋው። ከኻፍጂ እስከ አቡ ዓሊ ደሴት ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የሳዑዲ ዳርቻ ተለወሰ። ከዚያ በታች ያለውን ጠረፍ ያተረፈው አቡ ዓሊ ራሱ ነው፤ ወደ ባሕሩ ረዝሞ በመግባቱ ነዳጁን አግዶ አስቀረው። በዚያ ሰሞን የዚህ አገር መንግሥት ትልቁ ጭንቀት የጁበይል ውኃ ማጣሪያ ነበር። ነዳጁ ወደ መምጠጫዎቹ ቢገባ ሪያድ ትጠማ ነበርና በውኃው ላይ ተንሳፋፊ አጥር ተዘረጋ። ዛሬ ውኃውን የምንጠጣው እኛና እነዚያ ወፎች በአንድ ባሕር ላይ እንደምንተማመን ያኔ በግልጽ ታየ።

ጥር ነበር አልኳችሁ። ከሰሜን የመጡት ግሪቦችና ኮርሞራንቶች በዳርቻው ላይ ከርመዋል። እነዚህ ወፎች ቀኑን በውኃው ላይ ተቀምጠውና ወደ ውስጥ እየጠለቁ ነው የሚውሉት። ነዳጅ የነካው ላባ ውኃ ማስገባት ይጀምራል፤ ወፉ ሙቀቱን ያጣል፣ ይከብደዋል፣ ላባውን ለማጽዳት ሲል መርዙን ይውጣል። የሞቱት 30,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ አብዛኞቹም ግሪቦችና ኮርሞራንቶች ነበሩ። የካራንና የጃና ተርኖችስ? አብዛኞቹ ገና ከውቅያኖስ አልተመለሱም ነበር። ያው ነዳጅ በሰኔ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ የምንቆጥረው ሬሳ የሌላ ወፍ ይሆን ነበር፤ ወላጆቹ ሲሞቱ የዓመቱ ጫጩትም በረሃብ ያልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ከወራት ጋር የተደረገ እሽቅድምድም ነው። የባሕር ኤሊዎችም በሙቁ ወራት እንቁላላቸውን የሚቀብሩት በካራን አሸዋ ውስጥ ስለሆነ ኤሊዎቹና ተርኖቹ ሳይደርሱ ዳርቻውን ለማጽዳት ተሯሯጡ። ጁበይል ላይ በነዳጅ የተለወሱ ወፎችን የሚያጥብና የሚያስታምም ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 እዚሁ ሪያድ የተመሠረተው የሳዑዲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን ከአውሮፓ ማኅበረሰብና ፍራንክፈርት ካለው የዜንከንበርግ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በጁበይል የባሕር ጥብቅ ስፍራ ለማቋቋም ጥናት ጀመረ። የደሴቶቹን ተርኖች በየወቅቱ መቁጠርና መከታተልም የዚሁ ሥራ አካል ሆነ። ዛሬ ስለ እነዚህ ወፎች ወራት በእርግጠኝነት ለመናገር የቻልኩት በዚያ ፀሐይ እንቁላል ሲቆጥሩ በዋሉ ሰዎች ድካም ነው። ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ወደ ምዕራቡ ባሕር እንሻገር። ከእናንተ መካከል ቀይ ባሕርን በአውሮፕላን መስኮት ያየ አለ፤ በጀልባ የተሻገረና በዚያ ጉዞ ወንድሙን ወይም እህቱን ያጣም አለ። ያንን ባሕር ያለ ሐዘን ማንሣት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ለጠፉት እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ስለ ወፎቹ ስናገር ያንን ረስቼ አይደለም።

ቀይ ባሕር ወንዝ የማይገባበት፣ ፀሐይ አብዝታ የምታተንነው ጨዋማ ባሕር ነው። ያጣውን ውኃ የሚተካው በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው፤ ጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብርዱ ወራት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ውኃ በላይ በላዩ ይፈስሳል። በእኛ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ነፋሱ ከሰሜን ስለሚሆን የላይኛው ውኃ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በመካከለኛው ጥልቀት ግን ቀዝቃዛና ለፕላንክተን ምግብ የሚሆን ማዕድን የበዛበት ውኃ ሾልኮ ይገባል። የደቡቡ ቀይ ባሕር፣ ፈረሳን ደሴቶች፣ ዳህላክና የምጽዋ ፊት ለፊት፣ ከሰሜኑ ይልቅ በዓሣ የበለጸገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእነዚሁ ወራት በኦማንና በሶማልያ ዳርቻ ብርቱው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከጠረፉ እየገፋ ያርቀዋል፤ ከሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ ዓሣው ይበዛል። ጎጃምና ወለጋ በዝናብ በሚርሱበት ወር የባሕር ወፎቹ እዚያ ይጠግባሉ።

በቀይ ባሕር ደሴቶች ሁለት የአካባቢው ተወላጅ ሲጋሎች አሉ። አንደኛው በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቅስት ያለበት፣ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ሰላጤ ብዙም የማይርቅ ነው። ሁለተኛው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሔምፕሪክን ያስታውሳል። ቪልሄልም ሔምፕሪክ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲያጠና የኖረ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ፤ ዕድሜው 30 እንኳ አልሞላም ነበር። ሁለቱም ሲጋሎች የሚራቡት በክረምታችን ወራት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ባዶ ደሴቶች ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን ሸርጣን በሉ ወፍ ነው። ነጭና ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ሸርጣን ለመስበር የጠነከረ ወፍራም ምንቃር ያለው ነው። የሚራባው በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ባሉት ጠረፎች፣ በዚህ ሰላጤ፣ በቀይ ባሕርና እስከ ሶማልያ ድረስ ነው። ተርኖቹ እንቁላላቸውን ከፀሐይ ለማዳን ሲደክሙ ይህ ወፍ ፀሐይዋን ራሷን ሥራ ላይ ያውላታል። ከሚያዝያ ጀምሮ በአሸዋው ውስጥ ረጅም ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጫፉ ላይ አንዲት ትልቅ ነጭ እንቁላል ያስቀምጣል። በኤርትራ ደሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የጉድጓዱ ሙቀት እንቁላሉን ለማሳደግ ከሚያስፈልገው፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ወላጆቹ ቀኑን ሙሉ መታቀፍ አይገደዱም፤ ውኃው ሲሸሽ ወደ ጭቃው ሄደው ሸርጣን ያድናሉ። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላም ብዙ ቀን በጉድጓዱ ይቆያል፤ ሸርጣኑ ከነቅርፊቱ ይመጣለታል። በመስከረም ወደ ኬንያ፣ ወደ ታንዛንያና ወደ ማዳጋስካር ሲወርዱ ልጁ ገና ወላጁን እየተከተለ ይለምናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አሸዋው በትክክለኛው ወር ትክክለኛውን ሙቀት ስለያዘ ነው።

ወሩን እንዲህ አጥብቀው የያዙ ሌሎችም አሉ፤ በፍጥነት ልለፋቸው። በቀይ ባሕር የሚኖረው ዓሣ በል ጭልፊት የአውሮፓ ዘመዱ በጸደይ ሲራባ እርሱ በታኅሣሥና በጥር ይጥላል። ጥቀርሻ መልክ ያለው ትንሽ ጭልፊት ደግሞ እንቁላሉን እስከ ሐምሌ ያዘገያል። ጫጩቶቹ ብዙ ምግብ የሚፈልጉት በመስከረም ነው፤ በመስከረም ከሰሜን የሚሰደዱ ደካማ ትንንሽ ወፎች ባሕሩን ሲሻገሩ አድኖ ይመግባቸዋል።

ፈረሳን ደሴቶች ከጂዛን ፊት ለፊት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዚህ አገር ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧቸዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ወፍ በአንድ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አይኖርም፤ ጎጆው በአንድ ቦታ፣ መብሉ በሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የዚህ አሳዛኝ ምሳሌ በራሳችን አገር አለ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ዓሣው ጥቂት የሆነ ሐይቅ ነው። ደሴቱን የመረጡት ለጸጥታው ነበር፤ ለዓሣ ግን ኮረብታውን ተሻግረው ወደ አብያታ ይሄዳሉ። አብያታ ጥልቀት የሌለው፣ በቆሮሶ ዓሣ የተሞላ ሐይቅ ነበር። ወደ አብያታ የሚወርደው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ። የሻላን ደሴት ማንም አልነካም። ሁለቱም ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ ናቸው። ቢሆንም ፔሊካኖቹ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይና ከዚያም አልፎ ለመሄድ ተገደዱ፤ ቁጥራቸውም አሽቆለቆለ። በፓርኩ ካርታ ላይ የተለወጠ መስመር የለም፤ ጫጩት በሚመገብበት ወር ግን ቅርቡ ሐይቅ ባዶ ሆነ።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ለደሴቶቹ የመግቢያ ወራት መወሰን፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የሚራቡባቸውን ደሴቶች ለጀልባ መዝጋት፤ ኮርሞራንት የሚራባባቸውን ደግሞ ከመስከረም እስከ መጋቢት። በቀይ ባሕር ዳር አዳዲስ ሆቴሎች የሚሠሩ ድርጅቶች ቁፋሮውንና ጀልባውን በዚሁ አቆጣጠር ቢመሩ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። የወፍ እንቁላል መልቀም በሁለቱም ባሕሮች የቆየ ልማድ ነው፤ ድሀ ዓሣ አጥማጅን ከመቅጣት በፊት ማስተማር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሌላው የእኛ የራሳችን ነገር ነው። የሪያድ ውኃ የባሕሩ ውኃ ስለሆነ በየቤቱ በከንቱ የሚፈስሰው ሁሉ ማጣሪያዎቹ ተጨማሪ የባሕር ውኃ እንዲመጥጡ፣ ተጨማሪ ሙቅና ጨዋማ ፍሳሽ ወደዚያው ጠረፍ እንዲመልሱ ያደርጋል።

በሌላ በኩል ይህች ከተማ የሚያስመሰግናትም ነገር አላት። ዋዲ ሐኒፋ በአንድ ወቅት የቆሻሻ መጣያና የድንጋይ መቆፈሪያ ነበር። ሸለቆውን አጽድቶ ውኃው በድንጋይ፣ በተክልና በዓሣ እየተጣራ እንዲወርድ ያደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ከመንፉሓ የማይርቅ ስለሆነ ብዙዎቻችን ዓርብ ዓርብ ሄደን ሻይ የጠጣንበት ሸለቆ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ዕረፍት ያገኘ ሰው ወደ አል ሐኢር ይውረድ። ጭንቅላቱ ነጭ ሆኖ ከዓይኑ ጀርባ አንዲት ጥቁር ነጥብ ያለበት ትንሽ ሲጋል ካያችሁ፣ የእርሱ ጭንቅላት በመጋቢት ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ስሙም ባለ ጥቁር ራስ ሲጋል ነው። ውኃው የተጣራ ፍሳሽ ስለሆነ ልጆች እንዳይዋኙበትና እንዳይጠጡት አደራ። በቤት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እንደ ልብ መውጣት የማይፈቀድላችሁ እህቶቼ፣ ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ለዕረፍት ወደ ኾበር ወይም ወደ ጂዳ ኮርኒሽ ትሄዱ ይሆናል። በኾበር በብርዱ ወራት ትልልቆቹን የሰሜን ሲጋሎች ታያላችሁ። መላ አካላቸው ቡናማ ሆኖ ካገኛችኋቸው ገና ልጆች ናቸው፤ ግራጫና ነጩን ላባ ሙሉ በሙሉ ለመልበስ አራት ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። በጂዳ ደግሞ ነጭ ቅስት ያለበትን ዓይን ፈልጉ።

ያያችሁትን ጻፉት። የወፉን ስም ባታውቁት ግድ የለም፤ መልኩን፣ ብዛቱን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ፤ ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሡ። ቀኑን ስትጽፉ ግን በሂጅራው ብቻ አትጻፉ። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ወፎቹ የሚሄዱት በፀሐይ ነው፤ የእኛም ጥቅምትና ሚያዝያ በፀሐይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ በእኛው ወይም በአውሮፓው አቆጣጠር ጻፉት፤ ያኔ የዘንድሮውን ከከርሞው፣ የሪያዱን ከሐዋሳው ጋር ማነጻጸር እንችላለን። ወረቀትና እስክሪብቶ በር ላይ ተቀምጧል፤ እስካሁን ያያችሁት ካለ ከዚያው ጀምሩ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።